4,294,967,297፦ ብቸኛ የመሰለው ቁጥር

አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት፤ በአሃዝ ሲጻፍ 4,294,967,297 ነው። አንድ ሰው ከ1 ተነሥቶ ያለ እረፍት በየሴኮንዱ አንድ ቁጥር እየጠራ እዚህ ለመድረስ 136 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሆኖም ቁጥሩን ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያነሡት በትልቅነቱ አይደለም፤ ከእርሱ እጅግ የሚበልጡ ቁጥሮች ሞልተዋል። የሚነሣው በአሠራሩ ነው። ከታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ይህን ቁጥር ሌላ ቁጥር የማይከፍለው መስሎት ነበር፤ ከ92 ዓመት በኋላ ሌላው ሊቅ አካፋዩን አገኘለት። አካፋዩን እንዴት እንዳገኘ ለመረዳት ደግሞ ማባዛት፣ ማካፈልና ትዕግሥት በቂ ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናስታውስ። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቸኛ ናቸው፤ 15 ግን 3 እና 5 ተባዝተው ስለሚሰጡት ብቸኛ አይደለም። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ አለዚያም የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ይህም ብዜት የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ካልቆጠርን በአንድ መንገድ ብቻ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ የአንድ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ከታወቁ ስለ ቁጥሩ ሊጠየቁ ከሚችሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ ያገኛሉ ማለት ነው።

የእኛ ቁጥር አመጣጥ ቀላል ነው። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ ብናባዛ 4,294,967,296 እናገኛለን፤ ይህንንም ባጭሩ 2³² ብለን እንጽፋለን። በላዩ 1 ስንጨምር ቁጥራችን ይመጣል፤ ማለትም 2³²+1 ነው። ብቻውን የቆመ ሳይሆን የአንድ ተርታ ስድስተኛ አባል ነው። ተርታው በ3 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ አባል ከበፊተኛው 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ፣ 1 ተጨምሮበት ይገኛል። ከ3 ላይ 1 ቢቀነስ 2፣ በራሱ ቢባዛ 4፣ 1 ቢጨመር 5 ነው። ከ5 ወደ 17፣ ከ17 ወደ 257፣ ከ257 ወደ 65,537 እንሄዳለን፤ ከ65,537 ላይ 1 ቀንሰን የቀረውን 65,536 በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምር 4,294,967,297 ይሆናል። በርቢ ሲጻፉ 2¹+1፣ 2²+1፣ 2⁴+1፣ 2⁸+1፣ 2¹⁶+1 እና 2³²+1 ናቸው፤ ርቢው በየደረጃው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል።

ርቢው እጥፍ እየሆነ የሚሄደው እንዲያው ለማማር አይደለም። ለምሳሌ 2¹²+1ን እንመልከት። 2¹² ማለት 16 × 16 × 16 ነው። 16 ደግሞ ከ17 በአንድ ያንሳል። ከአንድ ቁጥር ብዜት በአንድ የሚያንሱ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ከዚያ ቁጥር ብዜት በአንድ ይበልጣል፤ 16 × 16 = 256 ከ255 ማለትም ከ17 × 15 በአንድ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው 16 ሲባዛበት እንደገና በአንድ ወደሚያንስ ይመለሳል። ስለዚህ 1 ስንጨምርበት በ17 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በእርግጥም 4,097 = 17 × 241 ነው። በዚሁ መንገድ ርቢው ከ1 የሚበልጥ ጎዶሎ አካፋይ ባለው ቁጥር ሁሉ እንዲሁ ያለ አካፋይ ይገኛል። ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጡት ጎዶሎ አካፋይ የሌላቸው ርቢዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያሉ የሚቀጥሉት ናቸው። «በአንድ ማነስ» እና «በአንድ መብለጥ» የሚለውን ይህን መሣሪያ አንባቢ በእጁ ቢይዘው መልካም ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ነው።

በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ በሕግ ሥራ ይተዳደር የነበረውና ትርፍ ጊዜውን ለሂሳብ የሰጠው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ የዚህ ተርታ አባላት ሁሉ ብቸኛ ናቸው የሚል እምነቱን ገለጸ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልሸሸገም። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። 65,537 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ከ256 በታች ያሉትን 54 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ምክንያቱም ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 65,537 የሚሰጡ ከሆነ ሁለቱም ከ256 ሊበልጡ አይችሉም። ለስድስተኛው አባል ግን ድንበሩ 65,536 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በላባ ብዕር ለሚያሰላ ሰው ይህ የወራት ሥራ ነው። አምስቱ ብቸኛ ሆነው ስለተገኙ ስድስተኛውም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መገመት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሂሳብ ግን አምስት ምሳሌን እንደ ማስረጃ አይቀበልም።

የሂሳብ ሊቁ ክሪስቲያን ጎልድባክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1729 በቅዱስ ፒተርስበርግ ለነበረው ወጣቱ ሊዮናርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህ የፌርማ ግምት ይታወቅህ እንደሆነ ብሎ ጠየቀው። ኦይለር በ1732፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ መልሱን አቀረበ፦

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417

ማንም ሰው በወረቀት ሊፈትሸው ይችላል። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፣ በ40 ሲባዛ 268,016,680፣ በ1 ሲባዛ ያው ራሱ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ቁጥራችንን ይሰጣሉ። ማረጋገጡ የሁለት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ ማግኘቱ 92 ዓመት ፈጀ። ማባዛት ቀላል፣ የተባዙትን መልሶ ማግኘት ግን ከባድ መሆኑ ዛሬ በኢንተርኔት የሚተላለፉ ምስጢሮች ከሚጠበቁባቸው መንገዶች የአንዱ መሠረት ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ የሚውሉት ቁጥሮች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው ናቸው።

ከትምህርት ቤት የምናውቃቸው የመካፈል ፈተናዎች እዚህ ላይ አይረዱንም። ቁጥሩ በ7 ስለሚያልቅ በ2ም በ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ በ3 አይካፈልም። በ7 ሲካፈል 5፣ በ11 ሲካፈልም 5፣ በ13 ሲካፈል 10 ይቀራል። ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ በተራ ብንሞክር 641 መቶ ዐሥራ ስድስተኛው ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ፌርማ ድንበሩን እስከ መጨረሻው መድረስ አላስፈለገውም ነበር፣ መንገዱን ቢጀምረው ኖሮ በ116ኛው ሙከራ ባገኘው ነበር።

ኦይለር ግን 116 ጊዜ ማካፈል አላስፈለገውም። ከዓመታት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ መንገዱን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ሐሳብ የራሱ የፌርማ ግኝት መሆኑ የታሪኩ ልብ የሚነካ ክፍል ነው። የ2ን ርቢዎች በአንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር እያካፈልን ቀሪዎቹን ብንጽፍ ቀሪዎቹ ክብ ሠርተው ይሽከረከራሉ። በ7 ስናካፍል 2፣ 4፣ 1 ሆነው እንደገና 2፣ 4፣ 1 ይላሉ፤ የዙሩ ርዝመት 3 ነው። በ11 ስናካፍል 2፣ 4፣ 8፣ 5፣ 10፣ 9፣ 7፣ 3፣ 6፣ 1 ናቸው፤ የዙሩ ርዝመት 10 ነው። የፌርማ ቲዎረም የሚለው የዙሩ ርዝመት ምንጊዜም ከብቸኛው ቁጥር ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኘውን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍላል ነው፤ 3 ለ6፣ 10 ለ10።

አሁን አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³²+1ን ያካፍላል እንበል። ያን ጊዜ 2³² ከዚያ ብቸኛ ቁጥር ብዜት በአንድ ያንሳል፤ ስለዚህ 2³² በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው 2⁶⁴ በአንድ ይበልጣል፣ ማለትም ቀሪው 1 ነው። ይህ ማለት የዙሩ ርዝመት 64ን ያካፍላል ማለት ነው። ግን 32 ወይም ከ32 አካፋዮች አንዱ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ 2³² ራሱ ቀሪው 1 በሆነ ነበር፣ እኛ ግን በአንድ እንደሚያንስ አውቀናል። እንግዲህ ርዝመቱ በትክክል 64 ነው፤ ስለዚህም ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የ64 ብዜት መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ መፈለጊያው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ዐሥር ቁጥሮች ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። አምስተኛው ሙከራ በሩን ከፈተ።

641 በእርግጥ እንደሚያካፍል ለማየት ትልቁን ቁጥር መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። 2ን እያጠፍን ከ641 ሲያልፍ 641ን እንቀንስ። 512 ሲታጠፍ 1,024 ነው፤ 641 ሲቀነስ 383። ቀጥሎ 766 ሲሆን 125 ይቀራል። ከዚያ 250፣ 500፣ ከዚያ 1,000 ሲሆን 359 ይቀራል፤ 718 ሲሆን 77፤ ቀጥሎ 154። እዚህ ላይ 2¹⁶ ደርሰናል፤ ቀሪው 154 ነው። 2³² ማለት 2¹⁶ በራሱ ሲባዛ ስለሆነ 154ን በራሱ እናባዛው፤ 23,716 ይሆናል። 641 በ37 ሲባዛ ደግሞ 23,717 ነው። እነሆ በአንድ አነሰ፤ 1 ሲጨመር ጎደሎው ይሞላል፣ ቁጥራችንም በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ከዚህም የሚያምር መንገድ አለ፤ እኔ በበኩሌ በቁጥር ጥናት ውስጥ ከማውቃቸው አጫጭር ማረጋገጫዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። 641 በሁለት መልክ ይጻፋል። አንደኛው 640+1 ሲሆን 640 ደግሞ 5 × 2⁷ ነው። ሁለተኛው 625+16 ሲሆን ይህም 5⁴+2⁴ ነው። ከመጀመሪያው መልክ እንነሣ፦ 640 ከ641 በአንድ ስለሚያንስ 640 × 640 በአንድ ይበልጣል፤ ያም በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 640⁴፣ አሁንም በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ 640⁴ − 1፣ ማለትም 167,772,159,999፣ የ641 ብዜት ነው። ወደ ሁለተኛው መልክ እንሂድ፦ 641ን በ2²⁸ ብናባዛ 172,067,127,296 ይሆናል፤ ይህ የ641 ብዜት መሆኑ ግልጽ ነው። 641ን 5⁴+2⁴ ብለን ስንጽፈው ግን ይኸው ቁጥር 5⁴ × 2²⁸ ሲደመር 2⁴ × 2²⁸ ነው፤ የፊተኛው 640⁴ ነው፣ የኋለኛው 2³² ነው። እንግዲህ 640⁴+2³²ም 640⁴ − 1ም የ641 ብዜቶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የሚቀረውም እንዲሁ ብዜት ነው። 172,067,127,296 ላይ 167,772,159,999 ሲቀነስ 4,294,967,297 ይቀራል።

የቀረን ትልቁ አካፋይ 6,700,417 ነው። እርሱስ ብቸኛ ነው ወይስ ሌላ አካፋይ ተሸሽጎበታል? ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1878 የኦይለርን ሕግ አጠበቀው፤ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ላይ 1 ሲቀነስ የ64 ብቻ ሳይሆን የ128 ብዜት መሆን አለባቸው። 6,700,417 ብቸኛ ካልሆነ ከአካፋዮቹ ትንሹ ከ2,588 ሊበልጥ አይችልም፤ 2,589 በራሱ ሲባዛ ከእርሱ ያልፋልና። ከ128 ብዜቶች በአንድ የሚበልጡትን እስከዚያ ድረስ ዘርዝረን ብቸኛ ያልሆኑትን ብንጥል የሚቀሩት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257 ወዲያውኑ ይወድቃል፦ 2⁸ ከ257 በአንድ ስለሚያንስ 2¹⁶ በአንድ ይበልጣል፣ 2³²ም በአንድ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቁጥራችን በ257 ሲካፈል 2 ይቀራል። በቀሩት አራቱ 6,700,417ን ስናካፍል ቀሪዎቹ በተራ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። አራት ጊዜ በማካፈል ብቻ ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ ማለት ነው።

አሁን የቁጥሩ አካፋዮች በሙሉ ታውቀዋል፤ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ። ከራሱ በስተቀር ያሉት ሲደመሩ 6,701,059 ይሆናሉ፤ ከቁጥሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ድምር ነው። ከ1 ጀምሮ እስከ እርሱ ካሉት ቁጥሮች ከእርሱ ጋር ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 640 × 6,700,416 ማለትም 4,288,266,240 ናቸው።

ኦይለር የሚወደው ሌላ መፈተሻ ደግሞ ድንገት ወደ 641 የሚመልሰን ነው። ፌርማ በዚያው በ1640 ለፈረንሳዊው መነኩሴና የሂሳብ ሊቅ ለመርሴን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ከ4 ብዜት በአንድ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር ሆኖ እንደሚጻፍ፣ ይህም በአንድ መንገድ ብቻ እንደሚሆን ገልጾ ነበር፤ ማረጋገጫውን ያቀረበው ኦይለር ነው። ስኩዌር ማለት አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለምሳሌ 13 = 9+4 ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቁጥራችን ከተፈጥሮው የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፦ 65,536²+1²። ነገር ግን 62,264²+20,449²ም ነው። የፊተኛው 3,876,805,696፣ የኋለኛው 418,161,601 ነው፤ ደምሮ ማየት ይቻላል። ሁለት መንገድ ስላለው ብቸኛ ሊሆን አይችልም።

ሁለቱ መንገዶች አካፋዮቹንም ይነግሩናል። 65,536 ላይ 62,264 ሲቀነስ 3,272 ነው፤ 20,449 ላይ 1 ሲቀነስ 20,448 ነው። የእነዚህ የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው። በመቀነስ ፈንታ ስንደምር 127,800 እና 20,450 እናገኛለን፤ የእነርሱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 50 ነው። የ8 ግማሽ 4፣ የ50 ግማሽ 25 ነው፤ 4² እና 25² ሲደመሩ 16+625፣ ማለትም 641 ይሆናል። ቀደም ሲል 5⁴+2⁴ ብለን የጻፍነው ያው ድምር በሌላ በር ተመልሶ መጣ። ሌላኛው አካፋይም የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፤ 6,700,417 = 2,556²+409²። ሁለቱን ጥንዶች አቋርጠን ብናባዛቸው 25 × 409 = 10,225 እና 4 × 2,556 = 10,224 ይሆናሉ። ልዩነታቸው 1፣ ድምራቸው 20,449 ነው። በ2³²+1 ውስጥ ያለችው ያቺ 1 የተገኘችው ከእነዚህ ሁለት ተቀራራቢ ብዜቶች ልዩነት ነው።

ፌርማ የራሱን ቲዎረም ይዞ ለምን ሳተ የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን አነጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ1640 ይህንኑ መንገድ ተጠቅሞ 2³⁷ − 1 በ223 እንደሚካፈል አግኝቶ ነበር፤ 223 ላይ 1 ሲቀነስ የ37 ብዜት ነው። በ2³²+1 ላይም ይኸው መንገድ ይሠራል። ቲዎረሙን በቀጥታ እንደ መፈተሻ ቢጠቀምበት ግን ይታለል ነበር። መፈተሻው 2ን ከተመርማሪው ቁጥር በ1 ባነሰ ርቢ አንሥቶ በዚያው ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን ማየት ነው፤ ቀሪው ከ1 ከተለየ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። የእኛ ቁጥር ይህን ፈተና ያለ ችግር ያልፋል፦ 2³² ከእርሱ በአንድ ያንሳል፣ 2⁶⁴ በአንድ ይበልጣል፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ስንት ጊዜ ቢባዛ ቀሪው 1 እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ተርታ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ፣ ብቸኛ ቢሆኑም ባይሆኑም፣ በ2 ሲፈተኑ ያልፋሉ። በ2 ፈንታ 3 ሲወሰድ ግን ቀሪው 1 አይሆንም፤ ከ3 ተነሥቶ የተገኘውን ቁጥር 32 ጊዜ በራሱ እያባዙ ቀሪውን መያዝ አድካሚ ቢሆንም በእጅ የሚሠራ ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፔፒን እ.ኤ.አ. በ1877 ይህን የመሰለ ፈተና አጥርቶ አቀረበው፤ ለዚህ ተርታ የተበጀው የእርሱ ፈተና ማንንም በስሕተት አያሳልፍም፣ ማንንም በስሕተት አይጥልም።

የቁጥሩን ጎረቤቶችም እንይ። በ2 የሚያንሰው 4,294,967,295 የቀደሙት አምስቱ አባላት ብዜት ነው፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። ስለዚህ ቁጥራችን በአምስቱም ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ከአንዳቸውም ጋር የጋራ አካፋይ የለውም። ይህ ጉርብትና በጂኦሜትሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ቅርጽ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ኋላም የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን ቅርጹ የሚሠራው ቁጥሩ ከዚህ ተርታ የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን እንደሆነ ታወቀ፤ ከዚህ ውጪ እንደማይቻል ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ቫንትዜል በ1837 አረጋገጠ። በሚታወቁት አምስት ብቸኛ ቁጥሮች 31 እንዲህ ያሉ ጎዶሎዎች ይገኛሉ፤ ትልቁ 4,294,967,295 ነው። እንግዲህ ባለ 4,294,967,295 ጎን ቅርጽ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ በኮምፓስና በማስመሪያ ይሠራል፤ ሁለት ጎን ሲጨመርበት ግን 641 በመካከል ስለሚገባ ፈጽሞ አይሠራም።

ኮምፒውተሮች ያንን ጎረቤት በሌላ ምክንያት ያውቁታል። በ32 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዱ 0 ወይም 1 በሚይዝ 32 ቦታ፣ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር እርሱ ነው፤ ሠላሳ ሁለት 1 ተደርድረው ማለት ነው። የእኛ ቁጥር በኮምፒውተር አጻጻፍ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮዎች፣ ከዚያ 1 ሆኖ 33 ቢት ይፈልጋል፤ ከግራም ከቀኝም ቢነበብ አንድ ነው። በ32 ቢት ቦታ ውስጥ ቢከተት የፊተኛው 1 ይጠፋና ኮምፒውተሩ ቁጥሩን 1 ብሎ ያነበዋል።

ከእርሱ በኋላ ያለው ሰባተኛው አባል 20 አሃዝ አለው፤ ፈረንሳዊው ላንድሪ እ.ኤ.አ. በ1880 በእጅ አስልቶ 274,177 × 67,280,421,310,721 መሆኑን አገኘ። 39 አሃዝ ያለው ስምንተኛው ብቸኛ እንዳልሆነ በ1905 በፔፒን ፈተና ታወቀ፤ አካፋዮቹ ግን እስከ 1970 ድረስ አልተገኙም። ከ65,537 በኋላ ብቸኛ የሆነ አባል እስከ ዛሬ አልታየም። ከ2³²+1 አንሥቶ ርቢው 2 ለ32 እስከሆነው አባል ድረስ ያሉት ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ተረጋግጧል፤ ቀጥሎ ያለው፣ ርቢው 2 ለ33 ማለትም 8,589,934,592 የሆነው፣ ብቸኛ ይሁን አይሁን እስካሁን የሚያውቅ የለም። ቢጻፍ ከ2 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን በላይ አሃዞች ስለሚኖሩት የፔፒንን ፈተና እስከ መጨረሻ ማካሄድ ለዛሬ ማሽኖች ከባድ ነው፤ ፈላጊዎች በኦይለርና በሉካ ሕግ አካፋይ ያድናሉ። ሕጉ እንደሚለው ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የ2³⁵ ብዜት መሆን አለበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እጩ 34,359,738,369 ነው። የዚህ እጩ አሃዞች ሲደመሩ 60 ስለሆኑ በ3 ይካፈላል፤ ብቸኛ አይደለምና ወደ ሁለተኛው እጩ ይታለፋል። ሁለተኛው 2³⁶+1 ነው፤ 36 ጎዶሎ አካፋይ ስላለው እርሱም በ17 ይካፈላል፣ ፍለጋውም ወደ ሦስተኛው ያልፋል።